ባናውን የገፋው እጅ

ስመኝ ኮምፒውተሯን ከማስነሳቷ በፊት ሦስት ጊዜ አማተበች። የሚስቅ ይሳቅ። ሰው ለመንገድ ያማትባል፣ ለማዕድ ያማትባል፤ እሷ ደግሞ ጎኑ ተፈትቶ ሆድ ዕቃው ለሚታይ አሮጌ ማሽን አማተበች። ምን ታድርግ፣ የእናቷ ነገር በሱ ላይ ወድቋል።

አባቷ መሪጌታ ቴዎፍሎስ ካረፉ ዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ባረፉባት ንጋት ስመኝ የንስሐ አባታቸውን ልትጠራ ስትሮጥ፣ አልጋው አጠገብ የቀሩት እናቷ ወይዘሮ አልጣሽ ብቻ ነበሩ። መሪጌታ የለበሱትን ባና፣ ያን ከበግ ፀጉር የተሠራ ከባድ የመንዝ ብርድ ልብስ፣ በእጃቸው ገፋ አደረጉና አንድ ነገር ተናገሩ። የወይዘሮ አልጣሽ ጆሮ ከደከመ ዓመታት አልፈዋል፤ አልሰሙም። በርዷቸው ነው ብለው ሌላ ባና ደረቡባቸው። ስመኝ ከቄሱ ጋር ስትደርስ አባቷ አልፈዋል።

ከዚያ ወዲህ እናቷ ባና ገላቸውን አላስነኩም። በመሐል ሜዳ ከተማ ውርጭ፣ በነጠላ! "ባናውን አንሺልኝ ሳይሉኝ አይቀሩም" ይላሉ ቁጭ ብለው፣ "እኔ ነኝ ያፈንኳቸው። ነገ አርባቸው ነው፤ ለንስሐ አባቴ እናገርና፣ ከዚያ ወዲያ እህል ለምኔ?" የሚሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ካለፈው እሑድ ጀምሮ ቁራሽ የሚቀምሱት በስንት ልመና ነው።

አንድ ተስፋ ነበር። የአባቷ ዜማ እንዳይጠፋ ብላ፣ በታመሙበት ሰሞን ስመኝ ስልኳን መስኮቱ ላይ አድርጋ ድምፃቸውን ትቀዳ ነበር። ያቺ ንጋትም ተቀድታለች። ግን የጓሳ ተራራ ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ ያፏጫል፤ ከሥሩ የሰው ድምፅ ይጉረመረማል፣ ቃሉ አይለይም። ስመኝ የምትተዳደረው ፎቶና ቪዲዮ በመሥራት ነውና ነፋሱን ከድምፅ የሚለይ ፕሮግራም አላት። ምን ያደርጋል! አሮጌው ማሽን ለዚያ ሥራ ስድስት ሰዓት ሙሉ ይፈልጋል፤ መብራት ደግሞ በፈረቃ ነው፣ ከጠዋቱ አንድ እስከ ስድስት። አምስት ሰዓት ብቻ። መሐል ላይ ከጠፋ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ሁለት ቀን ሞክራ ሁለቱንም ቀን መንገድ ላይ ቀረች።

ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር የሚጠግነው አስቻለው ትናንት በስልክ መላ ሰጥቷት ነበር። "የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከተሠራበት በላይ ማድረግ ይቻላል" አላት። "ግን በሬን ከአቅሙ በላይ እንደ መንዳት ነው፤ ይግላል። ያንቺ ማሽን የሚቀዘቅዘው በአንዲት ፋን ነው። ከዘጠና አምስት ዲግሪ ካለፈ ይጠፋብሻል፤ ሊቃጠልም ይችላል።"

"መንዝ እኮ ነው ያለሁት፤ ብርዱ ያቀዘቅዘዋል።"

"በብርዱ አትመኪ። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀቱን ቶሎ አይወስድም።"

አንድ ሰዓት ላይ መብራት እንደመጣ ስመኝ ፍጥነቱን ከሦስት ነጥብ አራት ወደ አራት ነጥብ ሁለት ከፍ አደረገች። መስኮቱን ከፍታ ማሽኑን ለነፋሱ ሰጠችው። ፋኗ ጮኸች። ሰባ፣ ሰባ ስምንት፣ ሰማንያ ሦስት። ፕሮግራሙ ለስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀር እንደሚጨርስ ነገራት። ስምንት ደቂቃ!

ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ስክሪኑ ትጠጋለች። ደግሞ ከማሽኑ መቃጠል ይልቅ የሚያስፈራት ሌላ ነበር። ድምፁ በእውነት "አንሺልኝ" ቢልስ? እስካሁን እናቷን የሚበላቸው ጥርጣሬ ነው፤ ያኔ ግን ማስረጃውን በገዛ እጇ ልታቀብላቸው ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ሁለት ጊዜ ልታጠፋው እጇን ሰደደች፤ ሁለቱንም ጊዜ መለሰችው።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲል ጎረቤቷ ጠጄ ስለ ነገው ጠላ ልትጠይቃት ከደጅ ተጣራች። ስመኝ ብቅ ብላ ሁለት ቃል ተናገረች፤ ሁለቱ ቃል እንደ ሴት ወግ አሥር ሆነ። ስትመለስ የፋኗ ድምፅ የለም።

ማሽኑ ላይ ባና ተደርቦበታል። እናቷ ጠርዝ ጠርዙን እየሸጎጡ ነው።

"አፈንሽው እኮ!" ብላ ጮኸች።

ባናውን መንጭቃ ወረወረችው። ስክሪኑ ዘጠና አራት ይላል። የተነቀለ የበግ ፀጉር ፋኗ ላይ ተጠምጥሞ አንቋታል፤ አትዞርም። ፀጉሩን ለማውጣት ማጥፋት አለባት፤ ካጠፋች ደግሞ ሁሉም ነገር ከሀ። የቀረው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ስመኝ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰፌድ አውርዳ ማራገብ ጀመረች። ዘጠና አራት። ዘጠና አራት። ሰፌዱ ይወላገድባታል።

ዞር ስትል እናቷን አየቻቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሌላውን ሁሉ የማይሰማ ጆሮ ያቺን አንዲት ቃል ሰምቷል።

"ሲንቀጠቀጥ አየሁትና…" አሉ፣ "መስኮቱም ተከፍቶ… በርዶት መሰለኝ።"

ስመኝ ምላሷን ብትቆርጠው በወደደች። አፏን ሳትከፍት ግን እናቷ ሰፌዱን ከእጇ ወሰዱ። "አምጪው። ዕድሜዬን ሙሉ ገብስ ሳበጥር የኖርኩ ነኝ።" ማራገብም እሳቸው ያራግቡት! ረጋ ብሎ፣ ሳይዛነፍ፣ ሳያቋርጥ። ዘጠና ሦስት። ዘጠና አንድ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቆ ላብ በአንገታቸው ወረደ፤ እሳቸው ግን አላቆሙም። ስመኝ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ ቁጥሩን እያየች ድንግልን ተጣራች።

ፕሮግራሙ ጨረሰ።

ስመኝ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ልታደርግ ስትል እናቷ እጇን ያዙ። "እኔ ነኝ የምሰማው። ፍርዱ የእኔ ነው።" ስመኝ ማዳመጫውን ራሳቸው ላይ አጠለቀችላቸው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ማጫወቻውን ተጫነች።

እናቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እጃቸው ከጭናቸው ተነስቶ አየሩን ቀስ አድርጎ ገፋ፤ የዚያን ንጋቱን የመሪጌታን እጅ እየደገሙ መሆኑ ለስመኝ ገባት።

"ድገሚልኝ" አሉ።

ደገመችላቸው።

"'አልጣሽ' አሉኝ" አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። "'አልጣሽ፣ ውርጭ ነው፣ አንቺም ልበሺ' አሉኝ። ወደ እኔ ነው ይገፉት የነበረው። ልጄ፣ ሲያካፍሉኝ ነው!"

መብራቱ ሄደ፤ ስክሪኑ ጠፋ። ስመኝ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ወይዘሮ አልጣሽ ጎንበስ ብለው ባናውን አነሱና በመስኮቱ በኩል አራገፉት። ከዚያ ተከናነቡት።

"ይቺ መስኮት ትዘጋ" አሉ። "የሚቀመስም ነገር ካለ አምጪልኝ።"