ፈጠን ያለ እርምጃ

በቀለች መንገድ ላይ የምታውቀው ሰው ካየች አለቀ፤ ትቆማለች። ልጇ ሞሪያ ይህን ዕድሜዋን ሙሉ ስታየው ኖራለች፤ እንደዚህ ሰሞን ግን አንጀቷን አቃጥሏት አያውቅም። ከሰፈራቸው ከራማት የዲዲም ፎቆች መሀል ወጥተው ገና እግራቸው ሳይፍታታ ብዙዓየሁ ከነዘንቢሏ ብቅ ትላለች። እንደምን አደርሽ፣ ጉልበትሽስ፣ አፉላ ያለችው እህትሽስ፣ የእህትሽ ባልስ። በቀለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን እየነቀነቀች ትሰማለች። ከእሷ ሲላቀቁ ደግሞ አባ ቃኘው የአውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ከነከዘራቸው ተቀምጠዋል። የእሳቸው ሰላምታ ከብት እስከ መጠየቅ ይደርሳል። ከብቱ ጎንደር ከቀረ ሃያ አራት ዓመቱ ነው።

«ኢማ፣ ይኸ ስፖርት አይደለም» አለች ሞሪያ፣ እናቷን እንደ ልማዷ በዕብራይስጥ ጠርታ። «ልብሽ መምታት ሲጀምር ትቆሚያለሽ። ሐኪሙ ያለው ፈጠን ያለ እርምጃ ነው።»

«ታዲያ ሰው አይቼ እንዳላየ ልለፍ? እብድ ናት ይበሉኝ?»

«ይበሉሽ። እብድ ደም ግፊት የለበትም።»

ነገሩ የመጣው በመስከረም ነው። በዚያ ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2015፣ አገሩን ያለበሰው ቢጫ አቧራ በቀለችን አልጋ ላይ ጣላት። አስሙ የቆየ ነው፤ ግፊቷን ሲለካ ግን ሐኪሙ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ደግሞ ለካ። ለግፊት ከሚታዘዙት ክኒኖች አንዳንዶቹ የአስም በሽተኛን ደረት ያጠብባሉ፤ ስለዚህ ምርጫው ብዙ አልነበረም። ክኒን ላይ ክኒን ከመጨመሬ በፊት ጨው ትቀንስ፣ በየቀኑ ፈጠን ብላ ትራመድ አለ። ከመራመዷ በፊት ማሽኤፏን፣ ያችን በአፍ የምትሳብ ሰማያዊ ዕቃ፣ ትውሰድ። ከአዲስ ዓመቱና ከዳስ በዓላት በኋላ እናያታለን።

ከበዓላቱ በኋላ ሞሪያ ቤር ሼቫ ናት። እዚያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀብሏታል፤ ክፍልም አግኝታለች፤ በዓላቱ እንዳለቁ እሑድ ትሄዳለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እናቷ ራሷን ጠብቃ መኖር እንደምትችል ሳታይ ሻንጣ መዝጋት አልሆነላትም። ስለዚህ የእናቷን በሽታ እንደ ፈተና ያዘችው፤ ቀኑ የተቆረጠ፣ መልሱም የሚታወቅ ፈተና።

ምግቡን አልፋዋለች ማለት ይቻላል። የሾርባ ዱቄቱን ጣለች። ጨው አብሮ የተፈጨበትን በርበሬ ለጎረቤት ሰጥታ ሌላ ያለ ጨው አስፈጨች። በቀለች የመጀመሪያውን ቀን ሽሮ ቀመሰችና «ማን ሞቶ ነው?» አለች። ቢሆንም በላች። ቆይታም ነጭ ሽንኩርቱን አብዝታ፣ ሎሚ ጨምቃ አጣፈጠችው። ያልሆነው መራመዱ ነው።

በመጨረሻ ሞሪያ መላ መታች፦ በባሕሩ በኩል ያለው ሰፈር፣ ራማት ፖሌግ። እዚያ ሰዉ ባለመኪና ነው፤ በእግሩ የሚሄደውም ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ ነው። ለበቀለች ሰላም የሚላት ነፍስ አይገኝም።

ማዕከላዊ ጣቢያው ላይ አውቶቡስ ቀይረው ባሕሩ ዳር ወረዱ። ከፊታቸው የሽቅብ መንገድ ነበር፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል። ሞሪያ ፊት መራች። ብዙዓየሁ የለችም፣ ቃኘው የለም፣ የእህት ባል የለም። በዚህ አያያዝ እስክሄድ ትለምደዋለች ብላ አሰበች።

«ጎበዝ ነሽ እኮ» አለች ዞር ሳትል።

መልስ የለም። ይኸንንም በጎ ምልክት አደረገችው፤ እናቷ ትንፋሿን በወሬ አታባክንም።

ቆይቶ ከኋላዋ ፉጨት የመሰለ ነገር ሰማች። ስትዞር በቀለች የመንገዱን አጥር በሁለት እጇ ይዛለች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ቦርሳዋ ብብቷ ሥር ነው። አንዲት ሴት ከውሻዋ ጋር እየሮጠች ትመጣ ነበር፤ በቀለች ቦርሳውን አልከፈተችም። ያቺ ሴት እስክታልፍ ትጠብቃለች።

ሞሪያ ሮጣ ቦርሳውን ነጠቀቻትና ማሽኤፉን አውጥታ አፏ ላይ ደቀነችላት። «ሳቢ። ያዢው። ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ድገሚ።»

ሴትዮዋ ቆማ አምቡላንስ ልጥራ አለች። በቀለች በእጇ አባረረቻት። ፉጨቱ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ።

«ሳንወጣ አልወሰድሽም?»

«ረሳሁት። ጣቢያው ላይ አስታወስኩ፤ እዚያ ግን ስንቱ የኛ ሰው ቆሟል።»

«ሰፈር ውስጥ ስንራመድ አንድም ቀን እንዲህ ሆነሽ አታውቂም።»

«እዚያማ ሰው አለ።»

«ሰው ምን ያደርግልሻል?»

በቀለች ልጇን እንደ ሞኝ አየቻት። «እቆማለሁ። እነሱ ያወራሉ፣ እኔ እተነፍሳለሁ። ቃኘው ከብቱ ላይ ሲደርስ ደረቴ ይከፈታል።»

ሞሪያ አጥሩን ተደገፈች። አራት ዓመት ባዮሎጂ የተማረች ሰው ናት። እናቷ በዚያ ሁሉ ሰላምታ መሀል ቃል ሳትመልስ አንገቷን ብቻ ስትነቀንቅ ቆማ አይታለች፤ ያየችው ግን የባላገር ይሉኝታ ነበር። በእናቷ ሳይሆን በራሷ ተናደደች፤ ንዴቱ ግን የወጣው በእናቷ ላይ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ?»

«እሱን የተረተው ያላገባች ሴት ልጅ የሌለችው ነው።» በቀለች መቀነቷን አጠበቀች። «ይኸን ስስብ ካዩኝ ሳንባ ነቀርሳ ነው ይላሉ። እኛ አገር የሚያስለው ሰው ዋንጫው ለብቻው ነው። ከዚያ ቤት ልጅ የሚጠይቅ የለም።»

«እኔን ማንም እንዲጠይቀኝ አልፈልግም።»

«ዛሬ አትፈልጊም።»

«ዳይ፣ በቃ፣ ኢማ። በዚህ ዓይነት ቤር ሼቫ አልሄድም። ሰው ካልቆመልሽ የማትተነፍሺ ከሆነ ትቼሽ የትም አልሄድም።»

በቀለች ባሕሩን አየች። ልጇ ማስተርስ እንደምትማር ለብዙዓየሁም፣ ለቃኘውም፣ አፉላ ላለችውም እህቷ ተናግራ ጨርሳለች። ቦርሳዋን ብብቷ ሥር መልሳ ወደ አውቶቡሱ ማቆሚያ ወረደች።

በማግስቱ ጠዋት በቀለች ቀድማ ጫማዋን አጥልቃ በሩ ላይ ቆመች። ማሽኤፉን ዛሬ ከቤት ሳትወጣ ስባለች፤ ትናንት የደከመ ደረት ግን ቶሎ አይታዘዝም። ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ሞሪያ ያን ቀጭን ፉጨት እንደገና ሰማችው።

አባ ቃኘው ጀምረዋል። «እንደምን አደርሽ በቀለች፣ ልጆቹስ፣ ቤተ ዘመዱስ...»

«አባ ቃኘው፣ አንዴ ይቆዩኝ።»

ሽማግሌው አፋቸውን ገጠሙ። የሰው ሰላምታ መሀሉ ላይ ሲቆረጥ ሞሪያ አይታ አታውቅም፤ እናቷ ስትቆርጥማ በሕልሟም። በቀለች ከኪሷ ሰማያዊዋን ዕቃ አወጣች፣ ነቀነቀች፣ አፏ ላይ አድርጋ ሳበች። ሞሪያ «ያዢው» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። በቀለች ይዛዋለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ቃኘው።

«የአስም መድኃኒት። ነቀርሳ አይደለም፤ አይተላለፍም።»

«እኔ መቼ ይተላለፋል አልኩ?» አሉ። ግን አግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ ከዘራቸውንም አብረው ሳቡ። እናትም ልጅም አዩአቸው።

«ባሩክ ሃሼም፣ እግዜር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን» አለች በቀለች፣ ያልጨረሱትን ጥያቄ በአንዴ ጠቅልላ። «መራመድ አለብኝ።»

ማዕዘኑን ሲያልፉ ሞሪያ «እስከ ሰንበት ያልሰማ አይኖርም» አለች።

«አውቃለሁ።» በቀለች ፊቷ ጨልሟል። ብዙዓየሁ ነገ ምን ትላለች፣ ዋንጫ ትለይብኝ ይሆን፣ ይኼ ሁሉ ገና አልለየለትም። ቢሆንም እግሯ አላቋረጠም።

ከሰፈሩ በላይ ባለው ዳገት አጋማሽ ላይ፣ ሰላም የሚላት ማንም በሌለበት፣ በቀለች ቆመች። የሰው ግቢ አጥር ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በመስኮት እያያት አለፈ። ሞሪያ እግሯን እያቀያየረች ጠበቀች፤ ሰዓቷን ማየት አማራት፤ እንዳታይ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«እሑድ በስንት ሰዓት ነው የቤር ሼቫ ባቡርሽ?» አለች በቀለች።

ሞሪያ ነገረቻት። በቀለች አጥሩን ለቅቃ ዳገቱን ቀጠለች።