የዓሣ ቤቱ በረዶ

"ገና ነው፣ ውጪ አላልኩሽም" አላት ወንድሟ፣ በርሜሉን ደገፍ ብሎ እንደቆመ።

"ብረቷ" የሚሏት እህቱ ተመልሳ ተቀመጠች። ውሃው አንገቷ ድረስ ነው፤ የበረዶው ስብርባሪ አገጯን እየነካ ይንሳፈፋል። እግሮቿ መጀመሪያ ያቃጥሏታል፣ ከዚያ ይቆረጥሟታል፣ በመጨረሻ የራሷ መሆናቸውም ይቀራል። ዛሬም እዚያ ደርሳለች።

ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት ጂም ውስጥ ነው፤ ክብደት አንሺ ናት። እናት አባታቸው ካለፉ በኋላ ያሳደጋትም፣ ብረት መጨበጥ ያስተማራትም ይኸው ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱ ራሱ በጊዜው አንቱ የተባለ አንሺ ነበር፤ ጀርባው እስኪጎዳ። አሁን ዓሣ መሸጫ ቤት ይሠራል። ከሥራ ሲወጣ የተረፈውን በረዶ በከረጢት ሞልቶ፣ በዚያው በታመመ ጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤት ደረጃውን ይወጣል። በረዶው ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት የጎረቤት ድመት ከሰው ሁሉ ለይታ ብረቷን መከተል ጀምራለች።

በእሱ ጊዜ ከልምምድ በኋላ በረዶ ውስጥ መዘፍዘፍ እንደሚበጅ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ ጀርባው ባልተጎዳ ነበር ብሎ ያምናል። ለእሷ እንዲህ ነፍሱን የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

ችግሩ፣ ብረቷ ባለችበት ቆማለች። የብሔራዊ ቡድን ምርጫ እየቀረበ፣ ከወራት በፊት ያነሳችውን ክብደት በአንዲት ኪሎ እንኳ መብለጥ አቅቷታል። ወንድሟ ውሃው በደንብ ስላልቀዘቀዘ ነው ብሎ ሌላ ከረጢት ጨመረ።

እሷ ግን የጂሙን ፊዚዮቴራፒስት፣ የስፖርተኞችን ጡንቻና መገጣጠሚያ የምታክመውን ባለሙያ፣ ጠይቃ ነበር። ሴትዮዋ ነገሩን ቀለል አድርጋ አስረዳቻት፤ በማግስቱ ውድድር ላለበት ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ሕመሙን ያስታግሣል፤ ጡንቻ እየገነባ ላለ ሰው ግን ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ በረዶ ውስጥ መዘፍዘፍ እድገቱን ሊያዘገየው ይችላል። ሞቅ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ ደህና አድርገሽ ብዪ፣ ተኚ አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አፏ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ልትናገር ስትል ወንድሟ ወገቡን ይዞ በበሩ ይገባል። ዛሬ ግን ከበርሜሉ ወጥታ በፎጣ ተጠቅልላ እየተንቀጠቀጠች ነገረችው።

"ወንድም ጋሼ፣ በረዶው ይቅርብኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ለጥንካሬ አይበጅሽም ብላኛለች።"

ወንድሟ ባዶውን ከረጢት አጠፈ።

"እሷ ስንት ኪሎ አንስታ ታውቃለች?"

"እኔ እንጃ። አታነሳም።"

"እኔ አንስቻለሁ" አለ። ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። "ነገ ቀደም ብዬ እመጣለሁ።"

ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። እምቢ ብትል የወንድሟን ድካም ሁሉ ገደል መክተት መሰላት። እሺ ብትል ደግሞ ምርጫው እያየችው ሊያልፋት ነው። በየት በኩል እንደምትወጣ ጠፋባት።

በማግስቱ ከልምምድ ስትመለስ የውሃ ማሞቂያውን አበራች። ጥቂት ቆይቶ የወንድሟን ኮቴ ሰማች፤ ሁለት ደረጃ ይወጣል፣ ያርፋል፣ እንደገና ሁለት ይወጣል። በሩን ከፍታ ወረደች። መሃል ላይ፣ የደረጃውን ብረት ይዞ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ አገኘችው። ከረጢቱን ከጀርባው ላይ ተቀብላ በትከሻዋ አደረገችው። ልታግዘው መስሎት ወደ ግድግዳው ተጠግቶ መንገድ ለቀቀላት።

እሷ ግን ወደ ታች መውረድ ጀመረች።

"ወዴት ነው?"

"ልደፋው ነው፣ ጋሼ። ከዛሬ ጀምሮ አታምጣ።"

ወንድሟ ደረጃው ላይ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ሰማችው። የቀለጠው ውሃ በጀርባዋ እየወረደ፣ ዞር ሳትል ወረደች።