ቀይ ፕላስተር ያለበት ጠርሙስ

ጠርሙሱን ያገኘችው ከታጠቡት ሳህኖች መሃል በአፉ ተደፍቶ ሲንጠባጠብ ነው። አንገቱ ላይ የነበረው ቀይ ፕላስተር ተልጧል። የባሏ ታናሽ ወንድም ሚስት እጅጌዋን ሰብስባ ማጠቢያው ዘንድ ቆማለች፤ ለቀስተኛ ያመጣው ምግብ ማስቀመጫ ስላጣ ማቀዝቀዣውን ስታጸዳ ማርፈዷ ነበር።

"ይሄን ማን ደፋው?" አለቻት መበለቲቱ።

"እኔ ነኝ እትዬ። ሸተተኝ። የተበላሸ ነገር መስሎኝ በሳሙና ደህና አድርጌ አጠብኩት።"

እዚያ ቤት ቀይ ፕላስተር ያለበት ጠርሙስ እንደማይነካ ግድግዳው ሳይቀር ያውቃል። ይህቺ ግን ከዓመት በላይ ደጁን ረግጣ አታውቅም፤ ከየት አምጥታ ትወቀው? ለአፍታ ሆን ብላ ይሆን ብላ ጠረጠረቻት፤ የዚህችው ባል ጠርሙሱ የሚያጋልጠው የቆዳ ፋብሪካ ጥበቃ አይደል? በአረፋ የራሱ እጆቿንና ድንጋጤዋን ስታይ ግን በራሷ አፈረች።

ሟቹ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ምላጩን ጉሮሮ ላይ አሳርፎ ቀልድ የሚያወራ፣ ደንበኛውን ሳቁን አፍኖ እንዲቀመጥ የሚያስጨንቅ ሰው። የሰው ጭንቅላት ሲዳስስ ይውላልና ነገሩን ቀድሞ ያየው እሱ ነው፤ ከታችኛው ሰፈር የሚመጡ ልጆች አናት ላይ ቁስል መውጣት ጀመረ። የታችኛው ሰፈር የሚጠጣው ከወንዙ ዳር ካለው ጉድጓድ ነው። ከወንዙ ራስ ላይ ደግሞ ፋብሪካው አለ።

ለውሃ መሥሪያ ቤት አመለከተ። መርማሪዎች በመጡ ቁጥር ወንዙ ኩልል ብሎ ይጠብቃቸዋል፤ ፋብሪካው ቆሻሻውን የሚለቀው እነሱ በሌሉበት ነውና። ስለዚህ የናሙና አቀዳዱን ከመሥሪያ ቤቱ ላቦራቶሪ ከምትሠራ ባለሙያ ተማረና፣ ሲለቁት ለመቅዳት ወንዝ ዳር መዋል ጀመረ። ሰፈሩ "ጠርሙሴ" የሚል ስም አወጣለት። የፋብሪካው ሠራተኞች እንጀራችንን ሊዘጋ ነው ብለው ሱቁን ራቁት። ታናሽ ወንድሙም፣ እጅህን ያሳረፍከው በልጆቼ ጉሮሮ ላይ ነው ብሎት በዚያው ቀረ።

እሷስ ብትሆን መቼ ደገፈችው? ማቀዝቀዣው የምግብ ነው ወይስ የወንዝ እያለች ስታንጓጥጠው ከረመች። በመጨረሻው ቀን በዝናብ በስብሶ መጣ፤ ፊቱ ግን በርቷል። ጠርሙሱን ማቀዝቀዣው ውስጥ ከትልቁ ድስት አጠገብ አስቀመጠው።

"ያን ነገርህን ከድስቴ አርቅልኝ" አለችው።

"እሺ እመቤቴ" አለና ወደ ጥግ ገፋ አደረገው። ከዚያ ደከመኝ ብሎ ጋደም አለ፤ አልተነሳም። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። ይህን ሁሉ ዘመን አብረው ኖረው የመጨረሻ ቃሏ ስለ ድስት መሆኑ ከሞቱ እኩል ያንገበግባታል።

ከሰዓት በኋላ የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ለቅሶ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። መበለቲቱ የጠርሙሱን ነገር በሹክሹክታ ነገረቻት። ባለሙያዋ ማንንም እንዳትቀየም ለመነቻት፤ ናሙናው ሳይደፋም ቢሆን እስካሁን አርጅቷል፣ በወጉ ለምርመራ አይሆንም። ቆሻሻው ሲለቀቅ የተቀዳ ትኩስ ናሙና እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልደረሰ ግን መሥሪያ ቤቱ አቤቱታውን ይዘጋዋል። ይህን ብላ ከቦርሳዋ አዲስ ጠርሙስ አወጣች። ለእሱ ብላ ይዛው የነበረ ነው፤ ለማን እንደምትሰጠው ግራ ገብቷት ነበር።

"እኔ ብቀዳውስ?" አለች መበለቲቱ።

"አቀዳዱን ካወቁበት ማንም ቢቀዳው ግድ የለም። ይደውሉልኝ፣ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።"

ታናሽ ወንድሙ በሩ አጠገብ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ፀጉሩ አንድ ወገን ረዝሞ አንድ ወገን አጥሯል። ከወንድሙ ጋር ከተኳረፈ ወዲህ ሌላ ፀጉር ቤት አልገባም፤ ሚስቱ ናት በወጥ ቤት መቀስ የምትከረክመው። መበለቲቱ ይህን ገና አሁን አስተዋለች፤ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት። ጣሪያው ላይ የዝናብ ጠብታ መውረድ ሲጀምር ታናሽ ወንድሙ በእጇ ያለውን አዲስ ጠርሙስ አየና ብድግ ብሎ ወደ እሷ መጣ።

"እትዬ፣ የሚለቁት ዝናብ ሲጥል ነው፣ ጎርፉ እንዲሸፍነው። ከድልድዩ ሥር ነው። ዓመት ሙሉ ላይኛው ቱቦ ሥር ቆሞ ሲጠብቅ ከጥበቃ ማማዬ ላይ አየው ነበር፤ እዚያ አይደለም አላልኩትም። በመጨረሻው ቀን ድልድዩ ሥር አየሁት። ብቻውን ደረሰበት። ነይ፣ ላሳይሽ።"

"ሥራህስ?"

"እሱን ነገ እናየዋለን።"

ለቀስተኛው አፉን ይዞ እያያቸው ወጡ። ከድልድዩ ሥር ሰማያዊ የመሰለ ጥቁር ውሃ አረፋ እየደፈቀ ከቱቦው ይወርዳል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። እሷ የባሏን የላስቲክ ጓንት አጥልቃለች፤ ዋርሳዋ በሁለት እጁ ወገቧን ይዟታል። ባሏ እያንጎራጎረ ሲደጋግመው ሳትወድ በቃሏ የያዘችውን ሁሉ አደረገች። ጠርሙሱን በራሱ ውሃ ሦስቴ አለቀለቀች፣ አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ ሞላች፣ ክዳኑን አጠበቀች።

ቤት ሲመለሱ ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀላቸው። ከበር ኋላ ከተሰቀለው ከባሏ የሥራ ካፖርት ኪስ ቀይ ፕላስተሩን አወጣችና በጠርሙሱ አንገት ዙሪያ ለጠፈች። ማቀዝቀዣውን ስትከፍተው ጢም ብሏል። ትልቁን ድስቷን አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና በቦታው ጠርሙሱን አቆመችው።