በአንድ ቅጽበት የተከፈቱ ገጾች

ሐሙስ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ እናት ልጇን በሥራዋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት። ቦታው ችሎት ነበር። ልጅቱ የፖሊስ የኮምፒውተር መርማሪ ናት፤ እናትየው ግን የልጇን ሥራ የሚጠይቃት ሲመጣ «የሰው ልጅ ሐኪም ይሆናል፤ የእኔዋ ስክሪን ላይ ስታፈጥ ትውላለች» ትል ነበር።

የተከሰሰችው አስታማሚ ናት። ታስታምማቸው የነበሩት ሽማግሌ የእንቅልፍ መድኃኒት በዝቶባቸው ሞተዋል። በሞቱበት ጠዋት ደግሞ በቤቱ ኮምፒውተር «ስንት ፍሬ ይገድላል» የሚሉ ገጾች ተከፍተዋል። በዚያ ጠዋት ኮምፒውተሩን የነካችው እሷ ናት፤ አልካደችም። «አልነቃ ቢሉኝ የሐኪም ስልክ ልፈልግ ነው የከፈትኩት» አለች። ማን ይመናት? ዐቃቤ ሕጉ የገጾቹን ዝርዝር በሰዓት አስደርድሮ ሲያነብ አንገቷን ደፋች።

መርማሪዋ ተነስታ ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራች። እያንዳንዱ ገጽ ነጥብ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረበት መንገድ ደግሞ ክር።

«ይኼ በሞታቸው ዋዜማ የተነበበው ነው። ሰው ሲያነብ እንዲህ ነው፤ አንዱን ከፍቶ፣ ቆየት ብሎ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። የጠዋቱ ገጾች ግን ሁሉም በአንድ ቅጽበት፣ ያለ አንድ ክር ተከፈቱ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሳይዘጉ ያደሩትን ራሱ ዘረገፋቸው። ከዚያ በእጅ የተፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሐኪም ስልክ።»

«ክር ከሌለማ በምን ሰፍተው ከሰሷት!» አለች እናትየው ጮክ ብላ።

«እማማ፣ ችሎት ነው!» አላት ጥበቃው።

«እሺ አባቴ» አለችና አጠገቧ ወደተቀመጠው ሰው ዞረች። «ልጄ ናት። እኔ ነኝ የወለድኳት።»

«ታዲያ በዋዜማው ማን አነበበው?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«ሥዕሉ እሱን አይነግረኝም፤ የማላውቀውን አልጨምርም። ተከሳሿ ግን ያን ቀን ዕረፍት ወጥታ እንደነበር እርስዎ ባቀረቡት ክስ ላይ ተጽፏል።»

እናትየው ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ የተመሰገነችው እሷ ትመስል ነበር።

ሲወጡ የልጇን ክንድ ያዘች። «የሽማግሌውን ገበና አደባባይ ባለማውጣትሽ ደስ አለኝ።»

«ሳላውቅ ምኑን ላውጣ፣ እማዬ?»

«እሱን ነው የምልሽ። ሳያውቅ የሚያወጣው ስንቱ ነው!»

አስታማሚዋ በማግስቱ በነጻ ተለቀቀች። ከሦስት ዓመት በኋላ መርማሪዋ በጠና ስትታመም እስክትሞት ድረስ ያስታመመቻት ይህችው ሴት ናት።