ከጀልባዋ ግድግዳ የተጠረገው

ፊርዶስ በጊንጆ ሰፈር የምትታወቀው በሶፋ አጠባ ነው። ሁለት የቤት ውስጥ የእንፋሎት ማጽጃዎች አሏት፤ የአንደኛው ውሃ ሲያልቅ ሌላው ፈልቶ ይጠብቃታል። የመኪና ወንበር፣ ምንጣፍ፣ የሕፃናት ፍራሽ ሁሉ ታጸዳለች። ጀልባ ግን አጽድታ አታውቅም ነበር።

የጠራቻት ሌንሴ ናት፤ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ከአባቷ ጋር የምትኖር የባንክ ሠራተኛ። አባቷ አባባ ዋቅጋሪ በአንድ የውጭ አገር ሐኪም መኖሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት በጥበቃ ሠርተዋል። ሐኪሙ ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በኮንቴይነር ያስመጣትን ትንሽ የፋይበርግላስ ጀልባ ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። ባለ ሸራ ናት፤ ከፊቷ በኩል ሁለት ሰው የሚያስተኛ ጠባብ ክፍል አላት። በበጋ አይሱዙ ላይ ተጭና ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ትወርዳለች፤ ክረምቱን ጓሮ ውስጥ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ፣ ላስቲክ ለብሳ ታሳልፋለች።

ያን ክረምት ዝናቡ በረታና ውስጧ ሻገተ። አባባ ዋቅጋሪ ታመው ሊሙ ገነት እህታቸው ዘንድ ሰንብተው ስለነበር፣ ሌንሴ ከመመለሳቸው በፊት ጀልባዋን አሳምራ ልትጠብቃቸው ፈለገች። ለፊርዶስ የነገረቻት አጭር ነው፤ ግድግዳው እንደ አዲስ ነጭ ይሁን። ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ፊርዶስ ከሳሎን ኤክስቴንሽን ስባ፣ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ክፍሉ ዓሣ ዓሣና እርጥብ ካልሲ ይሸታል። ፍራሾቹን አውጥታ ፀሐይ ላይ ዘረጋችና ከጣሪያው ጀመረች። እንፋሎቱ ቀለሙን እንዳይጎዳው የማሽኑን አፍ አንድ ቦታ ሳታቆይ ታመላልሰዋለች። ጥቁሩ ሻጋታ እየላላ ሲወርድ በጨርቅ ትጠርገዋለች፤ ከሥሩ ወተት የመሰለ ነጭ ይወጣል። ሥራ እንዲህ ሲታዘዝላት ደስ ይላታል።

ወደ ግራው ግድግዳ ስትዞር ከሻጋታው መሀል መስመሮች አየች። በእርሳስና በማርከር የተሠመሩ ናቸው፤ ክብ፣ ቁጥር፣ ቀስት። ልጆች የሞነጫጨሩት መሰላት። አንዷ ክብ አጠገብ ግን በቁቤ «ሃርሜ» ተብሎ ተጽፏል። እናት ማለት እንደሆነ ታውቃለች። እጇ ቆመ። ለሌንሴ ልደውል ብላ ስልኳን አወጣች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ መብራት በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄድ ነበር። ማሽኑ ፈልቶ ያፏጫል። ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተች። የማሽኑን አፍ ሁለት ሦስት ጊዜ አመላለሰችበት፤ ጽሑፉም መስመሮቹም ጠፉ።

አባባ ዋቅጋሪ ቅዳሜ ዕለት ተመለሱ። ሌንሴ ደስታቸውን አብራት እንድታይ ፊርዶስንም ጠርታት ነበር። ሽማግሌው መሰላሉን ቀስ ብለው ወጡና ጎንበስ ብለው ገቡ። ሌንሴና ፊርዶስ ተከትለዋቸው ሲገቡ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ነጩን ግድግዳ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ።

«እዚህ ጋ እናቴ ነበረች» አሉ።

ቀስ እያሉ ነገሯቸው። ግድቡ ሲሞላ መንደራቸው ውሃ ውስጥ ቀርቷል። ሰው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሰፈረ፤ የእናታቸው መቃብር ግን እዚያው ቀረ። ሐኪሙ ይህን ከሰማ በኋላ ሁለቱ በበጋ በየእሑዱ በጀልባዋ ይወጡ ጀመር። ዳር ላይ ያሉትን ኮረብታዎች በኮምፓስ እያነጣጠሩ፣ በገመድ ድንጋይ እያወረዱ ጥልቀቱን እየለኩ፣ የሰጠመውን መንደር ግድግዳው ላይ ሣሉት፤ ምንጩን፣ ዋርካውን፣ የጎረቤቶቹን ቤት፣ መቃብሩን። ስምንት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ሌላ ቦታ፣ ወረቀት ላይ እንኳ፣ አልሰፈረም። ሐኪሙ ደግሞ አምና ሞቷል። ሌንሴ ውሃ ስለምትፈራ አብራቸው ወጥታ አታውቅም፤ ሻጋታውንም ከበር ሆና አየችው እንጂ እስከዚያ ቀን ጀልባዋ ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር፤ አባቷ ዓሣ ሊያጠምዱ የሚሄዱ ይመስላት ነበር።

ሌንሴ «ያዘዝኳት እኔ ነኝ» እያለች ማልቀስ ጀመረች። ፊርዶስ ዝም ብትል ጥፋቱ በዚያው የሌንሴ ሆኖ ይቀር ነበር። ዝም ማለት ግን አቃታት።

«አባባ፣ እኔ አይቼዋለሁ» አለች። «ሃርሜ የሚለውን አንብቤ ነው የጠረግኩት። መብራት እንዳይሄድብኝ ብዬ ሳልደውል ቀረሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ብትደውዪ ስንት ደቂቃ ይወስድብሽ ነበር?» ብለው ጠየቁ። አልተቆጡም፤ ከልባቸው ማወቅ የፈለጉ ነው የሚመስሉት።

ከዚያ በኋላ ፊርዶስ በሳምንት ሁለት ቀን ደብተርና እርሳስ ይዛ መምጣት ጀመረች። አጠገባቸው ተቀምጣ የሚነግሯትን ትሥላለች። ሕመሙ ግን የማስታወስ ችሎታቸውንም ነክቶት ነበር። ዛሬ ዋርካው ከምንጩ በላይ ነው ይላሉ፤ በሌላ ቀን ከምንጩ በታች ያደርጉታል። ከቁጥሮቹ አንዱም አልመጣላቸውም። አንዳንድ ቀን እርሳሱን ከእጇ ወስደው አንድ መስመር ይጀምሩና መሀል ላይ ይተዉታል።

ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ መቃብሩ ያለበትን ቦታ ለመፈለግ ፊርዶስና አባባ ዋቅጋሪ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ሸራውን ጀቤሳ የሚባል የሐይቁ ዓሣ አጥማጅ ያዘላቸው። ፊርዶስ ዋና አትችልም፤ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀመጠች። አባባ ዋቅጋሪ ዳር ዳሩን እያዩ ምልክታቸውን ይፈልጋሉ። የሚያውቁት ባሕር ዛፍ ተቆርጧል፤ ባዶ በነበረው ተረተር ላይ ቆርቆሮ ቤቶች ተሠርተዋል። እዚህ ነው አሉና ጀቤሳ ድንጋዩን በገመድ አወረደ። ከዚያ አይደለም፣ ወደዚያ ፈቀቅ በል አሉት። እንዲህ እያሉ ሦስት ቦታ ቆሙ። በሦስተኛው ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት ጸለዩ። ፊርዶስም እጆቿን ዘርግታ በልቧ ዱዓ አደረገች።

«እርግጠኛ ነዎት አባባ?» አለቻቸው፣ ባርኔጣቸውን መልሰው ሲያደርጉ።

«አይደለሁም ልጄ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። «ግን ደክሞኛል።»

ጀቤሳ ጀልባዋን ወደ ዳር አዞራት። አባባ ዋቅጋሪ እስኪደርሱ ድረስ ፊታቸውን ወደ ኋላ መልሰው ውሃውን ያዩ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ሐይቁ ውሰዱኝ ብለው አልጠየቁም።