ተቆጥቶ የማያውቀው ቆሽት

ሰዓት ሠሪው በስልሳ ሁለት ዓመቱ ሆዱን በመሣሪያ ቢታይ፣ በቆሽቱ ጫፍ ላይ ሎሚ የሚያህል፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ተገኘበት። በቢላ ይውጣ ወይስ ይተው የሚለውን የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነበርና ሐኪሟ ጠየቀችው።

«ቆሽትዎ ተቆጥቶ ያውቃል?»

ሰዓት ሠሪው ኃጢአቱን ለመናዘዝ እንደ ቀረበ ሰው አንገቱን ደፋ። «መዋሸት አልችልም፣ ዶክተር፤ ሰባት ጊዜ።»

ስንት ቀን እንደሚቆይበት ብትጠይቀው ሦስት ቀን አለ፤ በነዚያ ቀኖችም እህል እንደማይቀምስ፣ ሁልጊዜም የሚጀምረው እሑድ ከምሳ በኋላ እንደ ሆነ አስረዳ። ነገሩ ሁሉ ሐኪሟ ከተማረችው ጋር ፊደል በፊደል ገጠመ። ደስ ብሏት፣ ቆሽት ደጋግሞ ሲቆጣ የሚተወው እብጠት ክፉ እንዳልሆነ፣ ቢላም እንደማያስፈልገው ነገረችው። መዝገቡን ከመዝጋቷ በፊት ግን ከምሳው ጋር መጠጥ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች።

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሚስቱ መለሰች። «ዳማ ነው እንጂ የምን መጠጥ። ወንድሜ ባሸነፈው ቁጥር ነው የሚያኮርፈው።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ፣ የጠየቀችው ስለ ሥጋው መቆጣት፣ ማለትም ስለ ማበጡና ስለ መቃጠሉ እንጂ ስለ ጠባይ እንዳልሆነ ገለጸች።

«ታዲያ ቆሽቴ አረረ ስል የኖርኩት ሆዴ ውስጥ አልነበረም?»

«ሆድዎ ውስጥስ ነበር፤ ቆሽትዎ ግን ወሬውን አልሰማም።»

ሰባቱም ተሰረዙ፤ ቢላውም ተመልሶ መጣ። ተቆጥቶ በማያውቅ ቆሽት ላይ የወጣ እብጠት ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላልና። በአፉ በገባ ቀጭን ቱቦ ውሃውን በመርፌ ቀድተው ለምርመራ ላኩት። ሚስቱ፣ ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው እያለች ስምንት ቀን ጸለየች፤ ወንድሟም የዳማ ሰሌዳውን ከአልጋ ሥር ደብቆ አብሯት ጸለየ።

በዘጠነኛው ቀን ውጤቱ መጣ። እብጠቱ ከስንት ሺህ ሰው በአንዱ ብቻ የሚገኝ፣ ክፋት የሌለው ዓይነት ስለ ነበር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቢላው ቀረ።

በእሑዱ ሰሌዳው ከተደበቀበት ወጣ። ሰዓት ሠሪው ተሸነፈ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሚስቱ አልተከራከረችም። ማኅተም ያረፈበትን የሐኪሟን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታ፣ ቃል በቃል አነበበችለት፦

«የታካሚው ቆሽት በሕይወት ዘመኑ ተቆጥቶ አያውቅም።»