ማሾው የሚሄድበት አገር

ሙሀባ ሸዋ ሮቢት ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማሾ ስትለቅም ኖራለች። ጠጠሩን አውጥታ፣ የነቀዘውን ጥላ፣ በኩንታል ሞልታ ትሸኘዋለች። «ይሄ ሁሉ የት ነው የሚገባው?» ስትል የሚመልስላት አልነበረም። ዘንድሮ አዲስ አበባ ያለችው ልጇ ሰሀር በስልክ አሳየቻት፤ ኢንዶኔዥያ የሚባል አገር ሰዎች ማሾውን ቀቅለው፣ ስኳር ጨምረው በማንኪያ ይበሉታል። «በስኳር!» ብላ ሙሀባ በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም፤ ሄጄ ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ አለች።

ባሏ አብዱልሃዲ ግን ሰበብ አያልቅበትም። ሰኞ «ሽንኩርቱ ደርሷል፣ ማን ይነቅለዋል?» አለ። ማክሰኞ ምግቡ ሐላል መሆኑን ተጠራጠረ።

«አንተ ሰው፣ የሚበዛው እኮ ሙስሊም ነው!»

ረቡዕ ደግሞ «ሙቀቱን አንችለውም» አለ። ሸዋ ሮቢት ተወልዶ ያረጀ ሰው ሙቀት ፈራ! ሙሀባ እውነቱን ታውቀዋለች። ለሐጅ ሲሄዱ አውሮፕላኑ ተናጠና ክንዷን አንቆ ይዞ ነው ጅዳ የደረሰው። ያኔ ለአላህ ብሎ ቻለው። ለሽርሽር ብሎ ይደግመዋል?

ሰሀር ቲኬቱን ለመቁረጥ እስከ ሐሙስ ቁርጡን ንገሩኝ ብላለች። ሙሀባ ደግሞ ብቻዋን አትሄድም። አርባ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ከጎኗ ከሌለ፣ አየህ ብላ ለማን ታሳያለች?

ሐሙስ ጠዋት አብዱልሃዲ ቁርጡን ሳይነግራት ባጃጅ ይዞ ወጣ። ሙሀባ ያዘጋጀችው ሻንጣ አልጋው ላይ ተከፍቶ ነበር። ባዶ እጅ አይኬድም ብላ በእጇ የለቀመችውን ሁለት ኪሎ ማሾ ከታበታለች፤ ማሾ ወደ ማሾ አገር! አሁን ግን ጉዞው ቀረ ብላ መልሳ አወጣችው።

ጎረቤቷ ፈሪሃ እያለከለከች ገባች። «ሙሀባ! አብዱልሃዲ ታሟል እንዴ?»

«ምን ሆነ?»

«በየቤቱ እየዞረ ‹አፉ በሉኝ› ይላል። የተጣላቸውን እንኳ ሳይቀር!»

ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ጎረቤቱን ይቅርታ ሳይጠይቅ ከሸዋ ሮቢት አይወጣም። ሙሀባ ገባት። እልልታዋን አቀለጠችው፤ ፈሪሃ ጓደኛዋ ያበደች መሰላት።

ከዙህር ሶላት በኋላ አብዱልሃዲ በላብ ተጠምቆ መጣ። «ለሰሀር ደውያለሁ። ቁረጪ ብያታለሁ።» ሻንጣው አጠገብ ተቀመጠ። «ሁሉም አፉ ብሎኛል። የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

«ምን በድለኸኝ?»

«ሽንኩርት፣ ሐላል፣ ሙቀት እያልኩ ዋሸሁሽ። ፈርቼ ነው፣ ወላሂ።»

«አውቃለሁ። አፉ ብዬሃለሁ» አለችና ማሾዋን ወደ ሻንጣው መለሰች። «ግን መስኮቱ ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

«መስኮቱን ውሰጂው» አላት፤ «ክንድሽን ብቻ ለኔ ተይልኝ።»